ልብስ ሰፊው የሰረዟቸው ንባቦች

ባለፈው ሳምንት ፋይሎቼን ከአሮጌው ስልኬ ወደ አዲሱ ሳዛውር፣ አዲሱ ስልክ ጣቴ ያረፈበትን ሁሉ በአማርኛ ያነብልኝ ጀመር። “ጂኦግራፊ፣ ምዕራፍ ሦስት” አለኝ። የሴት ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ የማያስል፣ የማይደክመው ድምፅ። ጣቴን አነሳሁ። ውጭ ልጆች ኳስ ይመታሉ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ፀሐይ ሲበረታበት ጠቅ ጠቅ ይላል። እኔን ግን ድንገት የማሽን ዘይት ሸተተኝ። የማሽን ዘይት፣ የጠመኔ ብናኝ፣ በጋለ ካውያ ሥር የሚተን እርጥብ ጨርቅ።

ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አላይም። ኩፍኝ ነው የወሰደብኝ፤ ስለ እሱ ዛሬ አላወራም። ኮምፒውተርም ስልክም የምጠቀመው ስክሪን ሪደር በሚባል ፕሮግራም ነው፤ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ይነግረኛል። አሁን አማርኛ ያውቃል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል በነበርኩበት ጊዜ ግን አያውቅም ነበር። አማርኛ ሲያጋጥመው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ የጥያቄ ምልክት ያገኘ ይመስል “ኩዌስችን፣ ኩዌስችን፣ ኩዌስችን” እያለ ይደረድራል። እንግሊዝኛውንም ቢሆን የሚያነበው ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። የመማሪያ መጽሐፎቻችን ደግሞ ወረቀት ነበሩ። የብሬሉ መጽሐፍ ለክፍሉ ዓይነ ስውራን በሙሉ አንድ ነበርና ተራ ደርሶኝ ስከፍተው ፈተናው አልፎ ይሆናል።

እናቴ ኮልፌ፣ ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጥ ነበር። አማርኛ አሳምራ ታነባለች፤ እንግሊዝኛ ግን ፊደሉንም አታውቀውም። አንድ ቀን የጂኦግራፊ መጽሐፌን በፌስታል ጠቅልላ፣ እጄን ይዛ፣ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ወዳለው ልብስ ሰፊ ወሰደችኝ። ለምን እሳቸው ጋ እንደሄደች አልገባኝም ነበር። በኋላ ስጠይቃት “ጋዜጣ ሲያነቡ አይቻቸው ነበር” አለችኝ። ምክንያቷ ያ ብቻ ነበር።

ልብስ ሰፊው በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ ኮልፌ ያረጁ ሰው ነበሩ። ማሽናቸው በረንዳ ላይ፣ መንገዱን ፊት ለፊት እያየ ነው የሚቆመው። መጽሐፉን ተቀብለው ገጾቹን ሲያገላብጡ ሰማሁ። ረጅም ጊዜ አገላበጡ።

“እኔ እኮ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት” አሉ። “እንግሊዝኛዬ ብዙ ቀዳዳ አለው።” አንድ ገጽ ገለጡና፣ “ደግሞስ ቀዳዳ መጣፍ አይደል ሥራዬ?” ብለው ሳቁ። ድምፃቸው ወፍራም ነበር፤ ሲስቁ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር አብሮ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኝ ነበር።

አክስቴ ከአረብ አገር የላከችልኝ ትንሽ ኤምፒ ስሪ ነበረችኝ። ጣት የምታህል፣ ጀርባዋ ላይ የምስር ቅንጣት የሚያክሉ የስፒከር ቀዳዳዎች ያሏት ሙዚቃ ማጫወቻ። ድምፅም ትቀዳለች። ስትከፈት አንድ ዜማ ታሰማለች፣ ከዚያ በኋላ ግን አትናገርም፤ የት እንዳለሁ የማውቀው አዝራሩን ስንት ጊዜ እንደተጫንኩ በመቁጠር ነበር። መቅጃው አዝራር ላይ እናቴ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጋበት ደርቆ ነበርና በጣቴ አገኘዋለሁ። ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ ማጫወቻዋን ከመጽሐፉ ጋር ለልብስ ሰፊው እሰጣለሁ፣ ማታ ስመለስ እቀበላለሁ።

እያንዳንዱ ንባብ አንድ ዓይነት አጀማመር ነበረው። “ጂኦግራፊ። ምዕራፍ ሦስት። ገጽ ሰማንያ አራት። አንባቢው እኔ ነኝ።” ከዚያ እንግሊዝኛው ይቀጥላል። እየረገጡ፣ ቃል በቃል፣ ልክ ጨርቅ ላይ መስመር እንደሚያሰምር ሰው። አንድም ስህተት አይሰማም። ከበስተጀርባ ታክሲ ያልፋል፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ አንዳንዴ “ሱሪዬ ደረሰ?” የሚል ሰው ይመጣል፤ ንባቡ ግን ንጹሕ ነው። ሲሳሳቱ ሰርዘው ከመጀመሪያው እንደሚያነቡ ነግረውኝ ነበር። “ስፌቱ የጎበጠ ልብስ ለደንበኛ አልሰጥም” አሉ። ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰርዙ አልጠየቅኳቸውም። ልጅ ነበርኩ፤ የሚሰጠኝን ብቻ ነበር የማውቀው።

እንዲያውም እጨምርባቸው ነበር። “ጋሼ፣ ኢኮኖሚክሱ ቀርቷል።” “ጋሼ፣ ትንሽ ፈጠን ቢሉልኝ፣ ፈተናው ደረሰ።”

“እሺ ልጄ” ይላሉ። ሌላ ነገር ብለውኝ አያውቁም።

የካቲት ላይ ልብስ ሰፊው ሆስፒታል ገቡ። አንገታቸው ላይ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እብጠት ነበረባቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ እኔ ብቻ አላውቅም ነበር። እብጠቱ የድምፃቸውን ጅማት ተጭኖት ኖሯል። ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ፣ ሰውዬው ተርፈው ቤታቸው ገቡ። ልጠይቃቸው ከእናቴ ጋር ሄድኩ። “እግዚአብሔር ይማርዎ ጋሼ” አልኩ። የሆነ ነገር መለሱልኝ። ወረቀት ወለል ላይ ሲጎተት የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። እናቴ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ “እንኳን መጣሽ ነው የሚሉሽ” አለችኝ። ድምፃቸው ቀስ በቀስ ሊመለስ ይችላል ተብሎ ነበር። አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ንባብ የለም። ያለኝ ስልሳ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር፤ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሲቪክስ። ፈተናውን ለመውሰድ ይበቃኝ ነበር።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ማጫወቻዋን ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ቦታ የያዙ ዘፈኖችን ሳጠፋ መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩ ጭጭ አለ። እኔም ምንም ሳልጠረጥር ገመዱን ነቅዬ ቤቴ ሄድኩ። ቤት ስከፍታት ዜማዋን ጀመረች፣ ከመሐል ቆረጠችው፣ ቀጥ አለች። አጠፋኋት፣ ከፈትኳት። ዜማው፣ ዝምታው። አዝራሮቹን ብቆጥር፣ ብነካካ ምንም የለም። እናቴ ስክሪኗ ላይ የሆነ ቀይ ጽሑፍ አለ አለች፣ ልታነብልኝ ግን አልቻለችም። 

ቅዳሜ አየር ጤና ወደሚገኝ ጥገና ቤት ሄድን። የታክሲ ረዳቶቹ ጩኸት፣ የጋራዦቹ ብረት መቀጥቀጥ፣ ነፋሱ ሲዞር ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል የሚመጣው ሽታ፣ ሁሉም ባንዴ ይቀበሉናል። ጥገና ቤቱ ውስጥ የቀለጠ እርሳስ ይሸታል። ጠጋኙ ሰው ማጫወቻዋን ተቀብሎ ነካክቶ “ሜሞሪ ኤረር ነው የሚለው” አለ። “ቀላል ናት። ፎርማት ላድርጋት፣ ሁለት ደቂቃ ነው።”

“እግዚአብሔር ይስጥህ፣ አድርጋት” አለች እናቴ። ከነጋ ያልበላች ሴት ናት፤ ሁለት ደቂቃ የሚለው ቃል ነው ደስ ያሰኛት።

“ፎርማት ሲደረግ ውስጧ ያለው ምን ይሆናል?” አልኩት።

“ይጠፋል። መልሰሽ ትጭኚዋለሻ።”

“ከየት?”

“ከጫንሽበት ነዋ! ዘፈን መቼም የትም ሞልቷል።”

“ዘፈን አይደለም” አልኩ። እጄን ዘርግቼ ጠረጴዛውን ዳሰስኩ፣ ጣቶቹን አገኘሁ፣ ማጫወቻዋን ከጣቶቹ መሐል ወሰድኩ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ደንግጦ “እኔ ላግዝሽ ብዬ ነው” ሲል ይሰማኛል። እናቴም ታክሲ ውስጥ ትንሽ ተቆጣች። “የሚያየውን ሰው ካላመንሽ ማንን ልታምኚ ነው?” አለችኝ።  መስኮቱ ላይ ግንባሬን አስደገፍኩ። ኮልፌ ስንደርስ እሷም ገብቷት ኖሮ እጄን ጨመቅ አደረገችው። “የጋሼ ድምፅ ነው አይደል ውስጧ ያለው?” አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። “ወይኔ! አድርጋት ብዬው ነበር እኮ!” አለች። ቤት እስክንገባ ደጋገመችው።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ስሄድ እናቴ ጉሊቷን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ አብራኝ መጣች። የኮምፒውተር አስተማሪያችን እሱም ዓይነ ስውር ነበር፤ ወጣት፣ ሲያወራ ጠረጴዛውን በጣቱ የሚመታ። አንድ ሕግ ነበረው፤ ስክሪን ሪደሩ ተናግሮ ሳይጨርስ ኢንተር የሚጫን ተማሪ ክፍሉን ለቆ ይወጣል።

ማጫወቻዋን ሰካሁ። ኮምፒውተሩ ጲው አለ፣ ስክሪን ሪደሩ በዚያ በሚጣደፍ የብረት እንግሊዝኛው አንድ መልእክት አነበበ። ዲስኩን ከመጠቀምሽ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብሽ። ፎርማት ማድረግ ትፈልጊያለሽ? ጠቋሚው ያረፈው “ፎርማት” የሚለው አዝራር ላይ ነበር፤ የእኔ ጣት ደግሞ በልማድ ኢንተር ላይ። ሕጉ ባይኖር ኖሮ እጫነው ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ። ጣቴን አንስቼ ታብ ተጫንኩ። “ካንስል” አለኝ። እሱን ተጫንኩ።

“ጎበዝ” አለ አስተማሪው። “መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንወቅ። ማጫወቻዋ በርታለች?”

“አዎ ቲቸር፣ ዜማዋን ትጀምራለች።”

“ኮምፒውተሩስ አውቋታል?”

“አውቋታል። ግን ባዶ ናት ይላል።”

“ስለዚህ አልሞተችም። ማውጫው ነው የተበላሸው። መጽሐፉ አለ፣ ምዕራፉ የት ገጽ ላይ እንዳለ የሚናገረው ቅጠል ነው የተቀደደው። አንድም ነገር እንዳትጽፊባት።”

የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ከጓደኛው ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ ነበር። ከፈትነው። ችግሩ፣ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው የእኛ ዓይነት ሰው ይጠቀመዋል ብሎ አላሰበም። አዝራሮቹ ስም የላቸውም፤ ሥዕል ብቻ ናቸው። ታብ ስጫን ስክሪን ሪደሩ “በተን”፣ አዝራር እንደማለት፣ ይላል። ደግሞ ታብ፤ “በተን”። ደግሞ፤ “በተን”። ስድስት ጊዜ “በተን” አለኝ። ከስድስቱ አንዱ ያድናል፤ አንዱ ደግሞ ሁሉንም ጠርጎ ሊያጠፋ ይችላል።

እናቴ ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር። “እኔ ፊደሉን አላውቀውም” አለች በቀስታ፣ “ሥዕሉን ግን አያለሁ እኮ።”

አስተማሪው ጠረጴዛውን መምታት አቆመ። “እሜቴ፣ እስቲ ወደ ፊት ይምጡ” አላት። ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ የሽንኩርት ሽታዋ አብሯት መጣ። ታብ እጫናለሁ፣ የትኛው ሥዕል ላይ ክፈፍ እንደታየ እሷ ትነግረኛለች።

“ይሄ ቤት ነው፣ ትንሽ ቤት። ... ይሄኛው ካርቶን የመሰለ። ... ይሄ ደግሞ መነጽር፣ እጀታ ያለው፣ ሽማግሌዎች የሚያነቡበት ዓይነት።”

“መፈለጊያው እሱ ነው” አለ አስተማሪው።

“አራተኛው... ቅርጫት። ክዳን ያለው ቅርጫት። እሱን እንዳትነኪው! ቆሻሻ መጣያ ነው!” ብላ ጮኸች፤ እጄንም ያዘችው።

ቢሆንም አስተማሪው ወዲያው እንድሞክር አልፈቀደልኝም። ከኪሱ አሮጌ ፍላሽ አወጣ። “በማያሳዝን ነገር እንለማመድ” አለ። ፍላሹ ላይ አንድ ዘፈን አጠፋን፣ በመነጽሩ ፈለግነው፣ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጥነው፣ ከፍተን ሰማነው። ሁለተኛ ደገምነው። በሦስተኛው እናቴ ሳትናገር ጣቶቼ መንገዱን አውቀውት ነበር። ያን ጊዜ ነው የእኔን ማጫወቻ የሰካነው።

ፍለጋው ረጅም ነበር። ስክሪን ሪደሩ መቶኛውን እየቆጠረ ይነግረናል፤ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይቆጥራል። ሃምሳ ምናምን ላይ ሲደርስ እናቴ “አምፖሉ ብልጭ አለ” አለች።  ኮምፒውተሩ መንሿሿቱን ቀጠለ። የአስተማሪው ጣት ጠረጴዛውን አይመታም ነበር።

ሲያልቅ ስክሪን ሪደሩ ስንት ፋይል እንዳገኘ ተናገረ። ደግሜ አስነበብኩት። ስልሳ አንድ አላለም። መቶ አርባ ምናምን ነው ያለው።

“ተሳስቷል” አልኩ።

“አልተሳሳተም” አለ አስተማሪው። “የጠፋ ነገር ፈልግ ስትይው የጠፋውን ሁሉ ነው የሚያመጣው። ሆን ብለው የሰረዙትንም ጭምር።”

ሁሉንም ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጥን። ስማቸው ጠፍቷል፤ ቁጥር ብቻ ሆነዋል። አንዱን ከፈትኩ። “ጂኦግራፊ። ምዕራፍ ሦስት። ገጽ ሰማንያ አራት። አንባቢው እኔ ነኝ።” እናቴ እልል አለች፤ ኮምፒውተር ክፍል መሆኑን እንኳ ረስታ። አስተማሪው አንድ አንቀጽ ሰማ። “ማናቸው?” አለኝ። “የሰፈራችን ልብስ ሰፊ” አልኩት። “እንዴት ያለ ድምፅ ነው!” አለ።

ከዚያ በኋላ ማጫወቻዋን ራሴ ፎርማት አደረግኳት፤ አሁን የምትሰጠኝ እንጂ የምትወስድብኝ ነገር አልነበራትም። ዜማዋን እስከ መጨረሻው ተጫወተች። የቀረው፣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ እየሰሙ ስም መስጠት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በምሳ ሰዓትና ከትምህርት በኋላ እዚያ ክፍል ተቀምጬ ሰማሁ። የማውቃቸውን ንባቦች በስማቸው አስቀመጥኳቸው። የማላውቃቸው ግን ከእነሱ ይበዙ ነበር።

የተሰረዙት ንባቦች ናቸው። ልብስ ሰፊው እንዳልሰማቸው የፈለጉት።

በአንዱ “አንትሬፕ... ኢንትሬፕ... ኢንተርፐርነር...” ይላሉ። ያቆማሉ። እንደገና ይጀምራሉ። በሌላው አንድን ደንበኛ፣ “ጌታዬ፣ አስተማሪ ነዎት መሰለኝ፣ ይቺን ቃል እንዴት ነው የሚሏት?” ብለው ሲጠይቁት፣ ሰውዬው ሲነግራቸው፣ እሳቸው ደግሞ እንደ ተማሪ ሦስት ጊዜ ከኋላው ሲሉት ይሰማል። በሌላኛው ደግሞ አንዲት ሴት “ቀሚሴ ለዛሬ አልነበረም ወይ?” ብላ ስትቆጣ፣ “ይቅርታ እመቤት፣ ልጅቱ ፈተና አለባት” ይሏታል። ሴትየዋ ግራ ተጋብታ “የትኛዋ ልጅ?” ትላለች። አንድ ገጽ ብቻውን አራት ጊዜ ተነቧል። እኔ የሰማሁት አምስተኛውን ነበር።

በእነዚህ ስቄአለሁ፤ ብቻዬን፣ ጆሮ ማዳመጫዬን ይዤ። ከዚያ ግን ሳሉ ጀመረ።

በመጀመሪያ ትንሽ ናት። አንድ አረፍተ ነገር ያነባሉ፣ ይስላሉ፣ ያጠፋሉ። ቀጥሎ ድምፁ መሐል ላይ ይሰነጠቃል፤ “ኧረ ጉሮሮዬን” ይላሉ። ያጠፋሉ። ቀጥሎ ሦስት ቃል። ቀጥሎ ሁለት። በመጨረሻዎቹ ውስጥ እስትንፋሳቸውን ሰብስበው ከሥር ከመሠረቱ ሲገፉት ይሰማኛል፤ ከባድ ጨርቅ በመርፌ ሥር እንደሚገፋ። ከእነዚያ ሁሉ በኋላ የመጣውን ንጹሑን ቅጂ አውቀዋለሁ። ኢኮኖሚክስ ነው። “ትንሽ ፈጠን ቢሉልኝ” ያልኩት ጊዜ የተነበበው ነው። ጆሮ ማዳመጫዬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። አስተማሪው ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ራሴን አመመኝ አልኩት።

ፈተናውን ተፈተንኩ። አዳራሹ ውስጥ ጥያቄው ሲነበብልኝ መልሱ በእሳቸው ድምፅ ይመጣልኝ ነበር፤ ከነታክሲው፣ ከነዝናቡ። ውጤቱ በኋላ ዩኒቨርሲቲ አስገባኝ፣ ዛሬ የምበላው እንጀራ ከዚያ የመጣ ነው። ያ በረንዳ አሁን የለም፤ ሰፈሩ ፈርሶ ሁሉም ወደየአቅጣጫው ሄዷል። ልብስ ሰፊውም ካረፉ ቆይተዋል። የሚያስደንቀኝ ግን የዘመኑ ሩጫ አይደለም። የሚያስደንቀኝ፣ ፈተናው ባለቀ ማግስት ከሰዓት በኋላ የሆነው ነው።

ንባቦቹን መልሼ የጫንኩባትን ማጫወቻ ይዤ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ማሽኑ ዝግ እያለ ይረገጣል። “ጋሼ” አልኩ። ማሽኑ ቆመ። እጄን ይዘው አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። ምን እንደምል ሦስት ቀን ሳጠናው ነበር፤ እዚያ ስደርስ ግን ሁሉም ጠፋኝ።

“ጋሼ፣ የሰረዟቸውን ሰማኋቸው” አልኩ። “ሁሉም ተመልሰው መጡ። ሳሉንም ሰማሁ። እኔ አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ ፈጠን ይበሉ አልልዎትም ነበር። ድምፅዎን እኔ ነኝ...”

እንድጨርስ አልፈቀዱልኝም። አጠገቤ ተቀምጠው ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ አሉ፤ በሹክሹክታ የሚያወሩት እንዲሰማኝ።

“እብጠቱ አንቺ ከመምጣትሽ በፊትም ነበረ” አሉኝ። አንድ ቃል፣ ትንፋሽ፣ አንድ ቃል። “ዝም ብልም ድምፄ ይሄድ ነበር ብለውኛል ሐኪሞቹ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። አባቴ ሞተና። ካንቺ ጋር አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ።” አረፍ አሉ። “ታሪኩ በጣም ጥሩ ነበር። ኢኮኖሚክሱ ግን ደረቅ ነው።”

እንባዬና ሳቄ ባንዴ መጡብኝ። እሳቸውም ያችን ድምፅ የሌላትን ሳቅ ሳቁ፤ ወንበሩ ግን አልተንቀጠቀጠም።

“እስቲ አሰሚኝ” አሉ። “ያጠፋሁትን።”

ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ አንዱን ከፈትኩ። “አንትሬፕ... ኢንትሬፕ...” ይል ጀመር ያ ወፍራም ድምፅ፣ በረንዳው ላይ፣ ከራሳቸው ማሽን አጠገብ። ልብስ ሰፊው ትከሻቸው ሲናጥ ተሰማኝ። ከዚያ ሳል መጣ። ላጠፋው ስል እጄን ያዙኝ። ጉሮሮ ሲጠረግ፣ ወንበር ወለሉ ላይ ሲንሸራተት ተሰማ። ቀጥሎ ድምፁ ወደ ውስጥ ዞሮ ተጣራ፤ “አንቺ! የት ነሽ? እስቲ ውሃ አቀብይኝ!”

“መጣሁ!” የሚል የሴት ድምፅ መለሰ።

ከማጫወቻዋ መስሎኝ ነበር። ግን ከጓሮ ነው የመጣው። ባለቤታቸው ልብስ እያጠቡ ነበር። የሳፋው ውሃ ሲንቦጫረቅ፣ እርጥብ ጫማ በሲሚንቶው ላይ ቸፍ ቸፍ ሲል፣ ከጆግ ወደ ብርጭቆ ውሃ ሲቀዳ ሰማሁ። ሲጣደፉ መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

“ጠራኸኝ?” አሉ።

 ማጫወቻዋ ብቻዋን “አንትረፕረነር” አለች፣ በዚህ ጊዜ በትክክል፣ ከዚያም ማንበቧን ቀጠለች። ሴትየዋ እዚያው በሩ ላይ ቆሙ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ብርጭቆው እጃቸው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ከጫፉ አንዲት ጠብታ ወለሉ ላይ ጠብ አለች።

ልብስ ሰፊው ከአጠገቤ ተነሡ። ብርጭቆው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ ከዚያም ውሃው ጉሮሯቸው ውስጥ ሲወርድ ሰማሁ። ሳያቋርጡ ጠጡት፣ እስከ ጭላጩ።

ባለቤታቸው መጥተው እሳቸው በተነሡበት ቦታ ተቀመጡ። የእጃቸው እርጥበት በቀሚሴ በኩል ተሰማኝ፤ ኦሞ ይሸታሉ።

“አታጥፊው ልጄ” አሉኝ።